ቤቱ የእኔ፣ መሬቱ የሰው፦ ከሰቆጣ የጨው ገበያ እስከ ዛሬው የኪራይ ቤት



ዓረብ አገር የሚሠራ ሰው ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ክርክር ያውቀዋል። እህት ከጂዳ ብር ልካለች። አምስት ስድስት ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ ያጠራቀመችው ነው። ቤት ውስጥ ሸንጎ ይቀመጣል። አንዱ "ቦታ ገዝተን ሰርቪስ ቤት ሠርተን እናከራይላት፤ በየወሩ ሳትደክም ይገባላታል" ይላል። ሌላው "ሱቅ ይከፈት፤ ብር ሲዞር ነው የሚወልደው" ይላል። አባት አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ጋር ናቸው፤ "ቤት አይሸሽም፣ አይሞትም" ይላሉ። ሰማንያ የተጠጉት አያት ግን ቡናቸውን ፉት እያሉ ዝም ይላሉ።

የዚያ ዝምታ ምክንያት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ነው። እሱ ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ግን ወደ ሰቆጣ እንሂድ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከጨው ነውና።

ሰቆጣ የዋግ ዋና ከተማ ናት። ዛሬ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ስትሆን የዋግሹሞች አገር የነበረችም እሷው ናት። የዋግሹም ገብረ መድኅን ልጅ ዋግሹም ጎበዜ ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ከዚሁ ቤት ወጥተው ነው። ኽምጣንጋ የሚነገርበት አካባቢ ሲሆን አብዛኛው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ሆኖ በከተማ ተሰብስቦ የኖረ ሲሆን እጁ ከንግድ አልተለየም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰቆጣን ከሩቅ ያስጠራት ግን የንግሥና ቤቷ ብቻ አልነበረም። የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር የጨው ሜዳ የሚቆረጠው አሞሌ በግመልና በአህያ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ሰቆጣ ላይ እጅ ይለውጣል፤ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃም፣ አልፎም ዓባይን ተሻግሮ ይሄዳል። አሞሌ የወጥ ጨው ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ ነበር። በአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር የሚመነዘረው የአሞሌ ብዛት ከጨው ሜዳው እየራቁ በሄዱ ቁጥር ይቀንሳል። ሰቆጣ ላይ በርከት ያለ ትቆጥራለህ፤ ጎጃም ስትደርስ ያነሰ። የነጋዴው ትርፍ እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። ከዚያ ላይ የኬላ ቀረጥ፣ የመንገድ ሽፍታ፣ የበቅሎና የአህያ ሞት ይቀነሳል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ትርፍ የሚያንቀሳቅሰው ሙስሊም ነጋዴ ሰቆጣ ላይ ለምን ሃያ ቤት ሠርቶ አላከራየም? ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ መልሱ ግን ግማሽ ታሪካችን ነው።

አንደኛው መልስ ወቅቱ ነው። ክረምት ሲገባ ተከዜ ይሞላል፤ ዓባይም እንዲሁ። ቅፍለቱ ይቆማል። ነጋዴው ባለበት ከተማ ይከርማል። በዝናብ የሚሟሟው አሞሌ ደረቅ ቤት ይፈልጋል፤ ከብቱ ደግሞ ጋጣ። ስለዚህ በገበያ ከተማ ላይ የማደሪያና የማስቀመጫ ቦታ ፍላጎት ነበረ፣ ግን ዓመቱን ሙሉ እኩል አልነበረም። ጥቂት ወራት ይጨናነቃል፤ በበጋ ቅፍለት ሲወጣ ባዶ ይሆናል። ዛሬ "የገንዘብ ፍሰት" የምንለው ነገር ያኔም ዋናው ጥያቄ ነበር፦ ቤቱ ስንት ያወጣል ሳይሆን በዓመት ስንት ወር ሰው ይኖርበታል ነው። ደግሞም የሚከርመው ነጋዴ በዘመድ፣ በሃይማኖት ወንድም፣ በንግድ ሸሪክ ቤት ማረፍ ልማዱ ነው። እንግዳን አሳድሮ ኪራይ መጠየቅ ነውር በሆነበት አገር የኪራይ ገበያ በቀላሉ አይበቅልም።

ሁለተኛው መልስ ይከብዳል። ርስት ነው።

በደጋው የክርስቲያን መንግሥት ሥርዓት ሙስሊሙ ባጠቃላይ ርስት አልነበረውም። መሬት በዘር ሐረግ ከአቅኚው አባት የሚወረድ ነው፤ ግብሩም አገልግሎቱም ከቤተ ክርስቲያንና ከቤተ መንግሥት ጋር የተሳሰረ ነበር። አያቶቻችን እየመረራቸው የሚደግሟት አባባል አለች፦ "ሰማይ ዓምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም።" ጎንደር ላይ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1668፣ ጉባኤ ተቀምጦ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። እስላም ቤት፣ በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር የዚያ ውሳኔ ትዝታ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ በ1870 ዓ.ም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተጠራ፤ ከዚያ በኋላ በወሎ ስንቱ ከሃይማኖቱና ከቀዬው እንደተነሳ የታወቀ ነው።

እንግዲህ እንደዚያ ነጋዴ ሆነህ አስብ። እንጨቱን ገዝተህ፣ ድንጋዩን አስፈልጠህ፣ ጭቃውን አስረግጠህ ቤት ትሠራለህ። ቤቱ የአንተ ነው። መሬቱ ግን የባለ ርስቱ፣ የባላባቱ ወይም የደብሩ ነው። የቦታ ክፍያ ትከፍላለህ። አዲስ ሹም ሲመጣ ክፍያው ሊጨምር ይችላል። ጉባኤ ሲጠራ ደግሞ ሰፈርህ ሊነሳ ይችላል። በቅሎህና አሞሌህ ግን ከአንተ ጋር ይሄዳሉ። ታሪክ ጸሐፊዎች "ሙስሊሙ ነጋዴ ሆነ" ሲሉ ብዙ ጊዜ እንደ ተፈጥሮ ባሕርይ ያስመስሉታል። እኔ ግን ስሌት ይመስለኛል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ኃላፊነቱ ከበዛ፣ ሰው ሀብቱን በሚንቀሳቀስ ነገር ይይዛል። ፊቅህ ስንማር ጥቅሙን የሚወስድ ጉዳቱንም ይሸከማል የሚል መሠረት አለ። አባቶቻችን ያንን ሸክም በሌላ ሰው መሬት ላይ ለመሸከም አልፈለጉም።

ክፉ ቀንም አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ገደማ ከብት አልቆ፣ ሰው በረሃብ አልቆ ሰሜኑ ባዶ ሲሆን የሰቆጣ ቤቶችን ማን ይከራያቸው ነበር? ረሃብ ለባለቤት የሚታየው በመጀመሪያ እንደ ባዶ ቤት ነው።

ሁኔታው የተለወጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መኪና መንገድ፣ ባንክ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ትምህርት ቤት ሲመጣ ከተማ ማለት የገበያ ቀን ብቻ መሆኑ ቀረ። ደመወዝተኛ መጣ። ደመወዝተኛ ክረምት ከበጋ ቤት ይፈልጋል፤ በወር ይከፍላል። የከተማ ቦታ ደግሞ እንደ ገጠር ርስት ሳይሆን በገንዘብ የሚገዛና የሚሸጥ ሆነ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ኪራይ ውልን ራሱን ችሎ ደነገገ። ያኔ ነው ሙስሊሙ ነጋዴ፣ በተለይ ደሴና አዲስ አበባ ላይ፣ ከጨርቅና ከቡና ያገኘውን ትርፍ ወደ ቆርቆሮ ቤት የቀየረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ወረቀት አገኘ። ወረቀቱ ለእሱ ከኪራዩ በላይ ትርጉም እንደነበረው መገመት አይከብድም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማድ ላንሳ፤ ዛሬም ስላለ። ወለድ አገድ ይባላል። አንድ ሰው ብር ይቸግረዋል፤ ያለው ቤት ነው። ብር ካለው ሰው ይበደርና ቤቱን ያስረክበዋል። አበዳሪው ቤቱ ውስጥ ይኖራል ወይም አከራይቶ ኪራዩን ይበላል። ዋናው ብር እስኪመለስ ድረስ ቤቱ በእጁ ነው። ሕጉም ያውቀዋል፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ከአንቀጽ 3117 ጀምሮ ደንግጎታል። "ወለድ አልበላሁም፣ ቤት ነው የያዝኩት" የሚል አበዳሪ ብዙ ነው። ስሙ ራሱ ግን ይመሰክርበታል። ከብድር የሚገኝ ጥቅም ሪባ ነው በሚለው መሠረት አብዛኞቹ ዑለማዎች አይፈቅዱትም። በቡኻራና በሰመርቀንድ የነበሩ የሐነፊ ፈቂሆች ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸው "በይዕ አል-ወፋእ" የሚባል፣ ሸጦ ብሩን ሲመልስ ንብረቱን የሚያስመልስበት የውል ዓይነት ላይ ለዘመናት ተከራክረዋል፤ የፈቀዱም ነበሩ። የእኛ አገር የከተማ ሙስሊም ብቻውን የተፈተነበት ጉዳይ አይደለም ለማለት ነው። ከገንዘብ አንፃር ካየነው ደግሞ ወለድ አገድ ለአበዳሪው እጅግ የሚያጓጓ ነው፦ ገቢው ይመጣለታል፣ ዋናው ብር አይነካበትም፣ የቤቱ እርጅና የሌላ ሰው ነው። ጥቅም ያለ ኃላፊነት ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ 1967 እንምጣ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም፣ የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ክርስቲያን ወንድሞቻቸውም አብረዋቸው ሆነው ለእኩልነት አደባባይ ወጥተው ነበር። አብዮቱ ፈነዳ። ከአብዮቱ በኋላ ዒድ አል-ፊጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ቁጥር 31። ገበሬ ሁሉ በሃይማኖት ሳይለይ መሬት የመያዝ መብት አገኘ፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር። "እስላም አገር የለውም" የሚለው አባባል በአንድ አዋጅ ተሻረ። የደስታው መጠን ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል።

አምስት ወር ሳይሞላ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይኖረዋል። የቦታ ስፋት ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም። ለቦታው ካሳ የለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ለእኛ ርዕስ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ማንም ግለሰብ ከከተማ ቦታ ወይም ከቤት ኪራይ ገቢ ማግኘት ተከለከለ። የግል ቤት ማከራየት ራሱ ጥፋት ሆነ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነ ቤት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ ሄደ። ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። ተከራዩ የሚከፍለው ኪራይም ተቀነሰ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ላይ ቅነሳው እስከ ግማሽ ይደርሳል።

ልብ በል፤ በየካቲት ሙስሊሙ ገበሬ መሬት አገኘ፣ በሐምሌ ሙስሊሙ ነጋዴ ቤቱን ተቀማ። ሁለቱም በአንድ መንግሥት፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ መፈክር ሥር። አዋጁ ሃይማኖት አልለየም። የመኳንንቱ ቪላም፣ የቤተ ክርስቲያን ኪራይ ቤትም፣ የመስጊድ ወቅፍም፣ የመበለቷ ሁለት ክፍልም አብረው ሄዱ። የጎዳው ግን እኩል አልነበረም። መኳንንቱ ሌላም ሀብት ነበራቸው። ለትውልዶች በተንቀሳቃሽ ንብረት ኖሮ፣ በመጨረሻ ሀብቱን በሙሉ ቆርቆሮና ግድግዳ ላይ ያስቀመጠ ነጋዴ ግን አንድ ማለዳ የወር ገቢው ዜሮ ሆነ። ገቢው ብቻ ሳይሆን ዋናውም ጭምር።

ፍትሐዊ እንሁንና ሌላውን ወገን ደግሞ እንይ። የዚያን ዘመን የከተማ ድሃ ሙስሊም፣ ሸማኔው፣ ጫማ ሰፊው፣ ኩሊው፣ ተከራይ ነበር። ለእሱ ሐምሌ 19 የእፎይታ ቀን ነው። ባለቤት ድንገት ኪራይ አይጨምርበትም፤ አውጥቶ አይጥለውም። ዛሬም የቀበሌ ቤት ውስጥ ተወልደው ያደጉ ብዙዎች ያንን አዋጅ በክፉ አያነሱትም። የአያት ዝምታ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚወሰነው በ1967 ሐምሌ የኪራይ ደረሰኙን ሰጪ ነበሩ ወይስ ተቀባይ በሚለው ነው።

ቤቶቹስ ምን ሆኑ? ይህ የታሪኩ በጣም አስተማሪው ክፍል ይመስለኛል። ኪራዩ ተቀንሶ ለዓመታት ባለበት ቆመ። የኑሮ ውድነቱ ግን አልቆመም። በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበት ቤት ቆርቆሮው ሲበሳ የሚጠግነው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ቀበሌ ከኪራዩ ብዙ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ለጥገና የሚተርፈው ትንሽ ነው። ተከራዩም ቤቱ የእሱ ስላልሆነ ትልቅ ጥገና አያደርግም። አዲስ የሚሠራ ደግሞ የለም፤ ማከራየት ስለተከለከለ ለኪራይ ብሎ ብሩን የሚያወጣ ማን አለ? እናም በአንድ ወገን ርካሽ ኪራይ፣ በሌላ ወገን የሚፈርስ ቤትና የቤት እጥረት። ኪራይ ከጥገና ወጪ በታች ሲወርድ ቤቱ ራሱ ቀስ በቀስ ይበላል። ባለቤቱ መንግሥት ሆነ ግለሰብ ይህ ሕግ አይለወጥም።

ዋግ በእነዚያ ዓመታት ሌላ መከራም ነበረባት። ኢሕዴን በ1973 ዓ.ም የተመሠረተው በዚያው በዋግና በተከዜ አካባቢ ነው፤ አገሩ የጦር ሜዳ ሆነ። በ1977 ድርቅ የአካባቢው ሕዝብ ወደ ኮረም መጠለያ ጎረፈ፤ ዓለም ያየው ያ ምስል የዋግና የአካባቢዋ ሰዎች ምስል ነው። ያኔ ሰቆጣ ላይ ስለ ኪራይ ገቢ ማውራት ቅንጦት ነበር።

ደርግ ወደቀ። ብዙዎች ቤታቸው የሚመለስላቸው መስሏቸው ነበር። አዲሱ መንግሥት ግን በአዋጁ መሠረት የተወሰዱትን አልመለሰም። በ1987 የወጣ አዋጅ፣ ቁጥር 110፣ እንዲመረመር የፈቀደው ከአዋጆቹ ውጭ፣ ማለትም ያለ አግባብ የተወሰዱትን ብቻ ነው። ስለዚህ የሰው ዕድል የተንጠለጠለው በወረቀት ላይ ሆነ፦ ቤትህ የተወሰደው በሕግ ነው ወይስ በካድሬ ትእዛዝ? በሕግ ከሆነ አለቀ። በካድሬ ከሆነ ተስፋ አለህ። የኪራይ ቤቶች አስተዳደርም ስሙ እየተለዋወጠ ኖሮ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ተብሏል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የገጠርም የከተማም መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው አለ። የከተማ ቦታ በሊዝ ይሰጣል፤ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ማከራየት ተፈቅዷል፣ ቤት መሸጥ ተፈቅዷል። ግን ሰቆጣ ላይ የነበረውን የጨው ነጋዴ አስታውስ፦ ቤቱ የእኔ፣ መሬቱ የሰው። ባለ መሬቱ ተለወጠ፤ ከባላባት ወደ መንግሥት። ቀመሩ ግን አለ። ልዩነቱ ዛሬ ውል፣ ካርታና ፍርድ ቤት መኖሩ ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ካርታ የሌለው ግን ከዚያ ነጋዴ የተሻለ አይደለም። በከተማ ዳር ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ ቦታ ላይ የሚሠራው፣ በአንድ ሌሊት የሚቆመው የጨረቃ ቤት፣ ኪራዩ ከሌላው ቤት ብዙም ሳያንስ ሊከራይ ይችላል። ወርሃዊ ገቢውን ብቻ ያየ ሰው "ከካርታ ካለው ቤት በግማሽ ዋጋ ያንኑ ኪራይ አገኘሁ" ይላል። ግማሹ ዋጋ ግን ስጦታ አይደለም። የዶዘሩ ዋጋ ነው።

እስቲ ቁጥር እናስቀምጥ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው፤ የአንተን ከተማ ዋጋ አስገባበት። እህታችን በ3,000,000 ብር አራት ክፍል ሰርቪስ አሠራች እንበል። እያንዳንዱ ክፍል በወር 4,000 ብር ይከራያል። በወር 16,000፣ በዓመት 192,000። ቤተሰቡ የሚያወራው ይህን ቁጥር ነው። አሁን እያንዳንዱ ክፍል በዓመት ሁለት ወር ባዶ ቢሆንስ? 160,000 ይሆናል። ለጥገና፣ ለቀለም፣ ለቧንቧ፣ ለግብር 40,000 ይውጣ። ቀሪው 120,000 ነው። ካወጣችው ብር 4 በመቶ ማለት ነው። ዋናዋን በኪራይ ብቻ ለመመለስ 25 ዓመት ያስፈልጋታል። 25 ዓመት በእኛ አገር ታሪክ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ከ1967 ጀምረህ 25 ቁጠር፤ ስንት መንግሥት፣ ስንት ጦርነት አለፈ?

"ታዲያ ቤት ኪሳራ ነው" ልትል ትችላለህ። አይደለም፤ ቤት የሚሠራ ሰው የሚጠብቀው ኪራዩን ብቻ አይደለምና። በ2014 እና 2015 የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ተቃጠለ፤ ሲሚንቶና ብረት ያደረገው ግን የቤቱ ዋጋ አብሮ ወጣለት። ችግሩ የዋጋ መውጣት የሚበላው ሲሸጥ ብቻ ነው። ቤቱ 6,000,000 ሆነ ማለት ለልጅ ትምህርት ቤት የሚከፈል ብር ኪስ ገባ ማለት አይደለም። የወር ገቢ የሚያስፈልገው ቤተሰብና ሀብቱን ከንረት መደበቅ የሚፈልግ ቤተሰብ አንድ ዓይነት ቤት አይሠሩም፤ ብዙ ጸብ የሚነሳው ይህን ሳይለዩ ከመጀመር ነው።

ሕጉም እንደገና ወደ ኪራይ ዓይኑን አዙሯል። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም የተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አጸደቀ፤ ቁጥር 1320። ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ አይደረግም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። ክፍያው በባንክ። ይህ 1967 አይደለም፤ ቤትህን አይወስድም። ተከራይ ለሆነው ወንድምህ ጥበቃ ነው፤ እኛም አብዛኞቻችን ተከራይ ነን። አከራይ ለሚሆን ሰው ግን ስሌቱን ይለውጣል፤ ንረት ሲመጣ ኪራዩን በፈቀደው ቀን፣ በፈቀደው መጠን ከፍ አድርጎ የሚያመልጥበት በር ጠቧል። ስድስት ወር ወይም ዓመት ኪራይ ቀድሞ ተቀብሎ በዚያ ጣሪያ መጨረስም ቀርቷል። ብር ጎድሏት ግንባታ የምትጀምር እህት ይህን አስቀድማ ማወቅ አለባት። ወለድ ላለመንካት የምትጠነቀቅ ከሆነ ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ዘምዘምና ሂጅራን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉ። በሙራበሐ የሚገባው የግንባታ ዕቃ ግን ዕዳ ነው፤ ክፍሎቹ ባዶ ቢሆኑም ወርሃዊ ክፍያው ይጠብቃል። ሐላል መሆኑ ቀኑን አያራዝመውም።

ወደ ሰቆጣ እንመለስ። ከተማዋ የዞን መቀመጫ ስትሆን የመንግሥት ሠራተኛ መጣ። በ2007 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በስሟ ተጠራ፤ ከእርዳታ ድርጅት ጋር የሚመላለስ ሰውም ቤትና አልጋ የሚፈልግ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ጥሩ የኪራይ ከተማ ነበረች። ከዚያ በ2013 ጦርነቱ መጣ። መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ሠራተኛው ወጣ። ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ወገን ደግሞ ወደ ሰቆጣና ወደ ወለህ ገባ። እስቲ አስቡት፦ ቤት የሚፈልግ ሰው ከመቼውም በላይ በዛ፣ ኪራይ መክፈል የሚችል ሰው ግን ጠፋ። ፍላጎትና የመክፈል አቅም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከየትኛውም የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ በላይ ያሳየ ጊዜ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ተፈናቃይን በነፃ የሚያሳድር ሰው ቤቱ ሙሉ፣ ገቢው ባዶ ይሆናል። አጅሩ ሌላ መዝገብ ላይ ነው፤ የሙራበሐውን ክፍያ ግን አይከፍልም። ሀብቱን በሙሉ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ዓይነት ተከራይ ላይ ያስቀመጠ ሰው እንዲህ ያለው ቀን ይከብደዋል። የጨው ነጋዴው አሞሌውን በአንድ ቅፍለት ብቻ የማይልከው ለዚህ ነበር።

ስለ ዘካ የሚጠይቅ ካለ፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች እንደሚሉት ለኪራይ በተሠራው ቤት ዋጋ ላይ ዘካ የለም። ከኪራዩ ተርፎ ኒሷብ ሞልቶ ዓመት የዞረበት ገንዘብ ላይ ግን አለ። ለሽያጭ ብሎ የገዛው ቤት ግን እንደ ንግድ ዕቃ ይታያል፤ ለየግል ሁኔታው በአካባቢው ያለ ዓሊም ይጠየቅ።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት፤ ከሁሉም በላይ ሰቆጣም ደሴም ኮምቦልቻም የሰማኋት። እህት ከጂዳ ትልካለች፣ ቦታው በወንድም ስም ይገዛል፤ "እሷ እዚህ የለች፣ ለወረቀቱ እንዲቀል" ይባላል። ወንድሙ ታማኝ ነው እንበል፤ አብዛኛው ታማኝ ነው። ኪራዩን ሳያጓድል ይልክላታል። ከዚያ አጀሉ ይደርሳል። ካርታው ላይ ያለው የእሱ ስም ነው፤ እሷ የላከችበት ማስረጃ ደግሞ በየጊዜው በሰው እጅ የሄደ ብር ነው። ቤቱ የሟች ውርስ ሆኖ ይቀርባል። በሸሪዓው የውርስ ድልድል ወንድም ወንድ ልጅ ትቶ ከሞተ እህት ከውርሱ ድርሻ የላትም። ዳኛው በደለኛ አይደለም፤ ልጆቹም ሌባ አይደሉም። አባታቸው በሕይወት እያለ ብሩ የእሷ መሆኑን በምስክር ፊት፣ በወረቀት ያላሰፈረላት ከሆነ፣ ስድስት ዓመት የጂዳ ልፋት የሚከፋፈለው እሷ በሌለችበት ዝርዝር ነው።